ካቦው የሠራው ጥቁር ግንብ

ውድ ጋሼ፣

ፖስታው ላይ ያለውን ጽሕፈት ሲያዩ የማን እንደሆነ ሳይከፍቱት ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ። ስለዚህ ራሴን በማስተዋወቅ አላደክምዎትም። የግንቡ ማዶዋ ልጅ ነኝ። «ልጅ» ያልኩት በልማድ ነው እንጂ አርባ ሰባት ዓመት ሞልቶኛል፤ ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ትቻለሁ። አባዬም አለ። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። ጉልበቱ እምቢ ብሎታል፣ ምላሱ ግን እንደ ጥንቱ ነው። አሁን ከጀርባዬ ተቀምጦ ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ፣ አንገቱን አስግጎ የምጽፈውን ለማየት ይሞክራል። ጋዜጣው ያለፈው ሳምንት ነው።

አድራሻዎን የሰጠችኝ ቤትዎን የተከራየችው ልብስ ሰፊ ናት። እርስዎም እትዬም ደህና መሆናችሁን ነገረችኝ። እትዬ ስልክ ላይ ሲስቁ አሁንም ስልኩን ከጆሮ ማራቅ ግድ ነው አለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳይጽፍ ለኖረ ሰው እንዲህ ማለት ያሳፍራል፤ ቢሆንም በጣም ደስ አለኝ።

ልብዎ እንዳይንጠለጠል ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርዎት። እርስዎ ወደ ግቢያችን ምንም አላፈሰሱም። ይህን እርስዎ ድሮም ያውቁታል። አሁን እኛም አወቅን፣ ማዘጋጃ ቤቱም አወቀ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀትም ወጣለት። እንዴት እንደታወቀ ግን ሲሰሙ፣ እትዬ ወንበር ይዘው ቢቀመጡ ይሻላል።

ከከተማው በላይ ያለውን ጥቁር ጉብታ ያስታውሳሉ። እሳተ ገሞራ የተፋው ነው እየተባልን ያደግንበት፣ ልጆች በካርቶን የሚንሸራተቱበት፣ ሣር የማይበቅልበት ጉብታ። ዘንድሮ ከሥሩ በሚያልፈው ወንዝ ውስጥ እርሳስና መዳብ ተገኘና አንዲት የአፈር ባለሙያ ተላከች። ቀጭን ናት፣ ትልቅ ቦት ጫማ ታደርጋለች፣ በእጇ የፀጉር ማድረቂያ የመሰለ መሣሪያ ይዛ ትዞራለች። መሣሪያውን አፈር ላይ ደገን አድርጋ ግማሽ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች፤ ከዚያ ውስጡ ያለውን በቁጥር ይነግራታል።

ጉብታው ከእሳተ ገሞራ ጋር ዝምድና የለውም። ሰው የሠራው ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እዚህ መዳብ የሚያቀልጡ ሰዎች ነበሩ አለችን፤ መዳቡን ለይተው ይወስዳሉ፣ የተረፈውን ቀልጦ የፈሰሰ ቆሻሻ ከእቶናቸው አጠገብ ይጥላሉ። ሲጣል ሲጣል ያ ሁሉ ጉብታ ሆነ። ውስጡ ያለው እርሳስና የቀረው መዳብ ዝናብ በመታው ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያለ እስከ ዛሬ ይወርዳል። መዳቡን የወሰዱት የትም የሉም፤ ቆሻሻቸው ግን እዚሁ ነው። አባዬ «ስሙ ምንድን ነው?» ሲላት፣ «በአማርኛ የማዕድን አር ይባላል» አለችው። አባዬ ሴት ልጅ ፊት እንዲህ ያለ ቃል አይናገርምና እስከ ዛሬ «የማዕድን እሱ» እያለ ነው የሚጠራው።

ሴትዮዋ ቤት ለቤት እየዞረች እኛ ጋ የደረሰች ዕለት አባዬ ከዘራውን ጥሎ ነው የወጣው። የጠበቃት ሃያ ሁለት ዓመት ነው። እጇን ይዞ በቀጥታ ወደ ታችኛው መደብ ወሰዳት፤ ግንቡ ሥር ወዳለው፣ ሰላጣው ቢጫ ወደሚሆንበት።

«ይኸው ልጄ፣ ለኪው። ባትሪ ሠሪው ያደረገንን እዪ።»

እዚህ ላይ ቆም ልበልና ድሮውን ላስታውስዎት። አባዬ ከመንገድ ሥራ በጡረታ በወጣ ዓመት (ሰፈሩ አሁንም ካቦ እያለ ነው የሚጠራው) አትክልት ልትከል ብሎ ተነሣ። በመደቦቹ መካከል መንገድ ማንጠፍ ፈለገ። በሥራው ላይ ሠላሳ ዓመት የጉብታውን ጥቁር ጠጠር ለአስፋልት ሥር ሲያስደለድል ኖሯል፤ «ውኃ አያቁርም፣ አረም አያበቅልም፣ ከዚህ የተሻለ ጠጠር የለም» ይል ነበር። ከጉብታው ጠጠሩን በባሬላ ያመጣው ከማን ጋር እንደሆነ ረስተው እንደሆነ ላስታውስዎ። እሱ ፊት፣ እርስዎ ኋላ። እትዬ ከአጥር ላይ «ቀስ በሉ፣ ሁለታችሁንም የሚሸከም የለንም» እያሉ ሲስቁ እሰማ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ሰላጣው ቢጫ ሆነ። ቲማቲሙ ቁመቱ ስንዝር ሳይሞላ ቆመ። አረም እንኳ የማያበቅል ጠጠር ሰላጣ ያበቅላል ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። አባዬ ዙሪያውን አየ፤ ከአጥሩ ማዶ እርስዎ፣ ዳስዎ፣ ባትሪዎና አሲድዎ አሉ። በቃ። አንድ ክረምት ሙሉ ሳያነጋግርዎት ግንቡን ሠራ።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። መሣሪያዋን መደቡ ላይ ደገነች፤ ቁጥሩን አይታ ራሷን ነቀነቀች። አባዬ «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን አየኝ። ከዚያ መሣሪያዋን በመንገዱ ላይ ደገነች።

«አባባ፣ ይህን መንገድ ማን አነጠፈው?»

«እኔ። እስከ ዛሬ አንድ አረም አልበቀለበትም።»

«አይበቅልበትማ» አለች።

ቀጥላ ግንቡ ላይ ደገነች። ቁጥሩ ሲወጣ ቅንድቧም አብሮ ወጣ።

«ይህንንስ?»

«እሱንም እኔ ነኝ።» ከዘራውን ጥሎ እንደወጣ ረስቶ በእጁ አየሩን መታ። «መርዙ እንዳያልፍ ብዬ። ሦስት ሜትር ቁመት፣ አንድ ሜትር መሠረት። መድፍ አይጥለውም።»

«በምን ድንጋይ?»

«በጉብታው ድንጋይ ነዋ። ከሱ የሚጠነክር የት አለ?»

ሴትዮዋ የውኃ ማጠራቀሚያው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እኔ የሚመጣው ገብቶኝ ወደ ሰማይ ማየት ጀምሬያለሁ።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ «መርዙ እኮ ግንቡ ራሱ ነው። ዝናብ በመታው ቁጥር ወደ መደቡ ይወርዳል። ወደዚህም ወደዚያም።»

«የለም» አለ አባዬ። «መርዙ ከማዶ ነው። ማዶ ባትሪ ሠሪ ነበረ።»

አልተከራከረችውም። ልብስ ሰፊዋን አስፈቅዳ ወደ እርስዎ ግቢ ገባች፤ እኛም ተከተልናት። አባዬ ያንን በር ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ሲያልፍ ጎንበስ አለ፤ በሩ አጭር ሆኖ አይደለም። ሴትዮዋ ዳስዎ የነበረበትን ቦታ ለካች። የአሲድ ገንዳዎን የሲሚንቶ ንጣፍ በጥግ በኩል አንሥታ ሥሩን ለካች። ከኛ የሰላጣ መደብ ይልቅ ንጹሕ ሆነ። ግንቡ ሥር ስትደርስ ብቻ ቁጥሩ እንደገና ወጣ። ከባትሪ የመጣ ቢሆን ኖሮ መዳብ አብሮት አይገኝም ነበር ብላ አስረዳችን። ከዚያ ገንዳውን በእጇ ዳሰሰችና፣

«እኚህ ሰውዬ ጠንቃቃ ነበሩ» አለች። «ባትሪ ቤት ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ አድርጎ የለቀለቀ አላጋጠመኝም። ጠብታ አታልፈውም።»

«እኔ ነኝ የለቀለቅኩለት» አለ አባዬ።

እውነቱን ነው። እሱ ነው የለቀለቀልዎ፤ ያኔ ወዳጆች በነበራችሁ ጊዜ፣ ሁለት እጅ ሲሚንቶ ለብጦ በማንኪያ ጀርባ ያለሰለሰው። ይህን በኩራት ተናግሮ ከንፈሩ ሳይገጠም ፊቱ ተለወጠ። ጠብታ እንደማታልፍ ከማንም በላይ ያውቅ የነበረው እሱ ነው። ልብስ ሰፊዋ ወንበር አመጣችለት፤ ተቀመጠ። ስንወጣ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ደህና ግንብ ነበረ።»

አባዬ ለሦስት ቀን ዝም ሲል ጎረቤት ሊጠይቅ ይመጣል፤ መጡም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የአባዬን ነገር እየሳቅኩ የጻፍኩት የኔን ለማዘግየት ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ ዳስዎን የዘጋበትን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አባዬ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። «ጎረቤታችን የባትሪ አሲድ ወደ ግቢያችን ሲያፈስ አይተናል» አለ።

«ማን አየ?» አልኩት።

«ሰላጣው አየ። ጻፊ።»

ጻፍኩ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ልጅ ነበርኩ ማለት አልችልም። ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌውን አሲድ በቢጫ ጀሪካን አድርገው፣ ብስክሌትዎ ላይ አስረው ወደሚቀበለው ፋብሪካ ሲወስዱ በመስኮቴ አያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሲያጓድሉ አላየሁም። ያየሁት ይህን ነው። የጻፍኩት ሌላ ነው።

የሄዳችሁ ዕለት ዕቃው መኪና ላይ ተጭኖ ካለቀ በኋላ የኛን መሰላል ሊመልሱ መጡ። ጠርገውታል፣ የላላውንም እርከን መትተውታል። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። «ማመልከቻውን ማዘጋጃ ቤት አሳይተውኛል» አሉኝ። ከዚያ «ጽሕፈትሽ ያው ነው፤ ያምራል» ብለውኝ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የዳስዎን ሰሌዳ የጻፍኩልዎ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ «ባትሪ እንሞላለን፣ እናድሳለን»፣ ነጭ ቀለም በሰማያዊ ቆርቆሮ ላይ። ያንን ጽሕፈት የትም ቢያዩት እንደሚያውቁት እያወቅኩ ነው ማመልከቻውን በዚያው እጄ የጻፍኩት።

አሁን ትምህርት ቤት ነው የምሠራው፤ ምስክር ወረቀት ላይ የተማሪዎችን ስም እጽፋለሁ። በየዓመቱ ወላጆች «ጽሕፈትሽ ያምራል» ይሉኛል። በተባልኩ ቁጥር የሚታየኝ መሰላል ነው።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። ይህን ለመጻፍ የአፈር ባለሙያ መጠበቅ አልነበረብኝም፤ እኔ መሣሪያ አያስፈልገኝም ነበር።

ይህን ያህል ካልኩ በደህናው ወሬ ልካስዎት። ደማችንን ተመርምረናል። የኔ ደህና ነው። የአባዬ እርሳስ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ነርሷ ከግቢው ቅጠላ ቅጠል እንዳይበላ፣ እጁን ሳይታጠብ ገበታ እንዳይቀርብ አዘዘችው። በሦስት ወሩ ወረደ። አሁን ውጤቱን ኪሱ ይዞ ይዞራል፤ በሱ ዕድሜ እንዲህ የወረደለት የለም እያለ፣ ውድድር ያሸነፈ ይመስል። እናንተም ተመርመሩ፤ ግንቡ ሥር ኖራችኋል፣ እርስዎም ዕድሜዎን ከባትሪ ጋር ነው ያሳለፉት። ጠጠሩ ተነሥቷል። ከጣውላ ሣጥን ሠርተን፣ ከሩቅ በመጣ ንጹሕ አፈር ሞልተን ሰላጣ ተከልን። አረንጓዴ ሰላጣ ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር። አባዬ በየጠዋቱ ከሣጥኖቹ መሐል አረም ይነቅላል፤ አረም በመብቀሉ እንዲህ የሚደሰት ሰው አይቼ አላውቅም። የእርስዎ ሮማንም አለች፤ ግንቡ ላይ ተደግፋ አንድ ፎቅ አክላለች። ፍሬዋ ተለክቶ ንጹሕ ሆኗል፤ ዛፍ ፍሬው ድረስ ብዙም አያሳልፈውም አለች ባለሙያዋ። ወደ እኛ ከተንጠለጠለው አሥራ አንድ ሮማን ቆጥሬ ለልብስ ሰፊዋ ትቼላታለሁ።

የቀረው ግንቡ ነው። እሱ እስካለ ድረስ በየክረምቱ ለሁለታችንም ግቢ ይወርዳል። ማፍረሱን ማዘጋጃ ቤቱ ይሠራዋል፤ አፋቸውን የሸፈኑ ሠራተኞች ውኃ እያርከፈከፉ ያነሡታል፣ ድንጋዩም ጉብታው ላይ ተመልሶ ይሸፈናል። ግን የሁለቱም ባለቤቶች ፊርማ ያስፈልጋል። ግንቡ አርባ ሳንቲ ሜትር ወደ እርስዎ ገብቷልና። (ይህንንም ያገኘችው ሴትዮዋ ናት፤ በዚያው እግሯ። አባዬ ሜትሩ ነው የተሳሳተው ይላል።)

ቅጹ የመጣ ዕለት አባዬ ጠርቶ አስቀመጠኝ።

«ለመፍረሱ ተስማምቻለሁ ብለሽ ጻፊ።»

«ምክንያት የሚል ቦታ አለው።»

«እርጅና በይ።»

«የማን እርጅና?»

«የግንቡ።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «የአሁኑን አልጽፍልህም፣ አባዬ። አንተ ጻፍ።»

«ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ።»

«እሳቸውም ያውቁታል።»

አኮረፈ። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቀን ተቀመጠ። ምሳ ስንበላ ሳህናችንን ዙሪያውን እናስቀምጣለን እንጂ ማናችንም አልነካነውም። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ተጽፎ አገኘሁት። የመንገድ ዳር ሰሌዳ በሚጻፍበት ፊደል ነው የጻፈው፤ ሩቅ ያለ ሹፌር እንዲያነበው ዓይነት። ሌላ እንደማያውቅ ያውቃሉ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አብሮ አለ፤ ቢሆንም እኔም ልገልብጠው፦

«ግንቡን የሠራሁት እኔ ነኝ።
የተሠራው ከመርዝ ነው።
ሲያፈስ አላየሁም።»

ሦስተኛው መስመር ግንቡን አይመለከትም። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ይህ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እርስዎ ግን ማመልከቻውን አይተውታል። ከሥሩ ባለችው ጠባብ ቦታ እኔም በራሴ ጽሕፈት አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፤ «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እኔም አላየሁም» የሚል። ስለዚህ ቅጹ ትንሽ ተጨናንቋል። ለእርስዎ ፊርማ የሚሆን ቦታ ግን ሁለታችንም አልነካንም። አልፈርምም ቢሉም መብትዎ ነው፤ ግንቡ ይቆማል፣ እኛም ለምን እንደቆመ እያየነው እንኖራለን።

ከፈረሙ ግን አባዬ አንድ ነገር ለምኗል። ለምኗል ማለቴ አዟል። ሠራተኞቹ ከመጀመራቸው በፊት የመጀመሪያውን ድንጋይ እናንተ ሁለታችሁ እንድታነሡት ይፈልጋል። ሴትዮዋን አስፈቅዷል፤ ጓንት አድርጋችሁ፣ አፋችሁን ሸፍናችሁ፣ አንድ ድንጋይ ብቻ ብላለች። ዛሬ ጠዋት አሮጌውን ባሬላ ከዕቃ ቤት አውጥቶ እጀታውን ሲቀጥል አገኘሁት። ለአንድ ድንጋይ ባሬላ ምን ያደርጋል ስለው፣ «ፊቱን እኔ፣ ኋላውን እሱ» አለኝ፤ ሌላ መልስ አልሰጠኝም። እትዬ መምጣት አለባቸው፤ ሁለት ሽማግሌ ባሬላ ሲሸከም ቆሞ የሚስቅ ሰው ያስፈልጋል።

ሰሌዳዎም እኛ ጋ ነው። መኪናው ከሄደ በኋላ አጥር ሥር ወድቆ አግኝቼ አስቀምጬው ነበር። ዝጉን ፍቄ፣ ፊደሉን እንደገና አቅልሜዋለሁ። ሥራ ይጀምሩ ማለቴ አይደለም። በቦታው ይሰቀል ብዬ ነው።

መመለሻ ፖስታ አድራሻ ጽፌበት አብሮ አለ። መጻፍ ከታከትዎ እትዬ ይደውሉልኝ፤ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ እይዛለሁ።

አባዬ ጋዜጣውን አጥፎ «ሰላም በይው» ብሏል።

ለጊዜው የግንቡ ማዶዋ ልጅዎ